የሰነፍ ትከሻ

ሰቆጣ ላይ ቀኝ ትከሻው የታመመ ሰው ከተቻለው አገር ይቀይር። ይህን ምክር በነጻ የምሰጣችሁ በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ሌላ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ እጅ ይነሳል፣ ይጨባበጣል፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል። እኛ ዘንድ ሰላምታ ማለት ትከሻ ነው። እጅ ለእጅ ተያይዞ ቀኝ ትከሻን ከቀኝ ትከሻ ማጋጨት። ትናንት የተያየ አንድ ጊዜ ይጋጫል፣ ሳምንት የተለያየ ሦስት ጊዜ፣ ከርሞ የመጣ ደግሞ እስኪበቃው። የእኛ ሰው ናፍቆቱን በአፉ ብዙ አይናገርም፤ በትከሻው ነው የሚደበድባችሁ።

እኔም ስደበደብና ስደበድብ ስልሳ ዓመት አለፈኝ። ከዚያ ውስጥ ሠላሳውን እዚሁ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖርኩ። ከኋላ ወንበር ያሉት እንዲያነቡልኝ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ነበር የምጽፈው። ከኋላ ወንበር ያሉት ተኝተው እንደነበር ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ አንደኛው ራሱ ነገረኝ። ትከሻዬን የጨረስኩት ለተኙ ልጆች ነው ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው በጋቢ ነው። አንድ ጠዋት ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ ልወረውር እጄን ሳነሳ፣ እጄ መንገድ ላይ ቀረ። ወደ ላይም አይሄድ፣ ወደ ታችም ሳወርደው ያስጮኸኛል። ውስጡ ደግሞ የቆየ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። ባለቤቴ አለምነሽ ከጓዳ ሆና «ምኑ ነው የሚንቋቋው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት።

አለምነሽ «ብርድ ነው» ብላ በቅቤ አሸችኝ። ሳምንት ሙሉ እንደ ሙሽራ ቅቤ ቅቤ ስሸት ከረምኩ፤ ከዝንብ በቀር የቀረበኝ አልነበረም። ከዚያ ወጌሻው አያ ጌጡ ተጠራ። አያ ጌጡ የተሰበረ እግር ሲጠግን ወደር የለውም፤ ችግሩ የእኔ አልተሰበረም። «ወልቋል» አለና አንድ እግሩን ብብቴ ውስጥ ተክሎ ክንዴን ጎተተው። ምን እንደጮህኩ አላስታውስም፤ የጎረቤት ውሻ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያየኝ ጅራቱን እግሩ መሀል ሸጉጦ ይሄዳል። አያ ጌጡ ላቡን ጠርጎ «ገባ» አለኝ። ያልወጣ ነገር እንዴት እንደገባ ልጠይቀው ብዬ ሌላ ዙር እንዳይጀምር ፈርቼ ተውኩት።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ራጅ ተነሣሁ፤ ከዚያም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወደምትባል ልጅ ላኩኝ። ትሕትናዋ ደስ ይላል፣ እጇ ግን ብረት ነው። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አሳየችኝ።

«አባባ፣ የእጅ ወፍጮ ያውቃሉ አይደል?»

«ኧረ አውቃለሁ።»

«በመጁና በወፍጮው መሀል እህል ሲኖር ድንጋዮቹ አይነካኩም። እህሉ ሲያልቅ ድንጋይ ድንጋይን ይበላል። የትከሻዎ አጥንቶች ጫፋቸው ላይ ለስላሳ ሽፋን ነበራቸው፤ እሱ አልቆ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው። የሚሰሙት ድምፅ እሱ ነው።»

«ታዲያ እህሉ ይጨመርበታ።»

«አይጨመርም» አለች ፈገግ ብላ። «አይድንም አባባ፤ ግን ይገራል።»

እንዴት እንደሚገራም አስተማረችኝ። ሲብስ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ። ክኒኑን እሷ ባለችኝ ልክ መዋጥ። በዚያ ጎን አለመተኛት፣ ከባድ አለመሸከም። ፈርቶ ጨርሶ አለማንቀሳቀስም አይሆንም፤ ያን ጊዜ ይደርቃል። በግራ እጄ ጠረጴዛ ተደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቀኜን አንጠልጥዬ ቀስ እያልኩ ማወዛወዝ አለብኝ። «ቄሱ ጽና እንደሚያወዛውዙት» አለችኝ። ቀጥሎ ደግሞ ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣት ወደ ላይ መራመድ፣ እስከቻልኩበት ድረስ። እነዚህ ሁሉ ካልረዱ በትልቅ ከተማ ቀዶ ሕክምና እንዳለም ነገረችኝ። ሁሉንም በደስታ ተቀበልኩ። ከዚያ የመጨረሻዋን ትእዛዝ አመጣች።

«ትከሻ ለትከሻ ሰላምታ ይቅርብዎት።»

«ልጄ፣ ሰቆጣ ውስጥ?»

«ምን ችግር አለው? ‘ትከሻዬን ያመኛል’ ይበሏቸው። ሁለት ቃል ናት።»

ልክ ናት፤ ሁለት ቃል ናት። እነዚያን ሁለት ቃላት ግን እኔ በአደባባይ ልናገራቸው አልችልም ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የምነግራችሁም እያፈርኩ ነው።

ኪሮስ የሚባል አበልጅ አለኝ። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። ጋዝጊብላ አብረን ነው ያደግነው፤ እኔ ጠመኔ ይዤ ሰቆጣ ቀረሁ፣ እሱ እርፍ ይዞ እዚያው ቀረ። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ከአባቴ የወረስኳትን የገብስ ማሳ ለማጨድ ደቦ ጠርቼ ነበር። ኪሮስ ቀድሞ መጣ። እኩለ ቀን ላይ ግን ማጭዱን አስቀመጠና ትከሻውን ይዞ «አበልጅ፣ ትከሻዬን ያመኛል፤ ትንሽ ልረፍ» አለኝ።

እኔ ያን ሰዓት ሦስተኛ ዋንጫ ጠላዬ ላይ ነበርኩ። ማጭድ አልያዝኩም፤ ባለ ደቦ ነኛ። ሀያ ሰው በተሰበሰበበት ምን ብል ጥሩ ነው? «የታመመ ትከሻ የሚባል የለም፤ ያለው የሰነፍ ትከሻ ነው። ሥራ ሲመጣ ይታመማል፣ ጠላ ሲመጣ ይድናል!»

ደቦው በሳቅ ፈረሰ። እኔም በራሴ ቀልድ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ኪሮስ ግን ማጭዱን አነሣና ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አጨደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትከሻው ቃል ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም። እኔማ ያን ቀን የፈወስኩት መስሎኝ ነበር። ንግግሬ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ሆኖ በአካባቢው ተረት ሆነ፤ እስከ ዛሬ በደቦ ላይ አንድ ሰው ወገቡን ከያዘ «የመምህሩ የሰነፍ ትከሻ» ይባላል። እንግዲህ እኔ መምህሩ በየት አፌ «ትከሻዬን ያመኛል» ልበል?

ስለዚህ መደበቅ ጀመርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ለተማሪ ሳስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ማስጻፍና መረዳት ይለያያሉ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ዘዴ ጉንፋን ነው። ሰው ትከሻውን አስተካክሎ ሲመጣ አፌን ሸፍኜ «እንዳላስይዝህ!» እያልኩ እሸሻለሁ። ለሁለት ሳምንት ሠራልኝ። በሦስተኛው ሳምንት መምህር ክፉ ሳል ይዟቸዋል ተብሎ ተወራና አለምነሽን ጎረቤት ሁሉ ያጽናናት ጀመር። ሳሉን ትቼ ጃንጥላ ያዝኩ። በበጋ፣ ደመና በሌለበት፣ ጃንጥላ በቀኝ እጄ ዘርግቼ በከተማ ስዞር የሚያየኝ ሰው ለየትኛው ታቦት እንደምይዝ ይጠይቀኝ ነበር። ክንዴ ሲደክምም ጃንጥላውን መዝጋት አልችልም፤ ለመዝጋት ግራ እጄ ወደ ላይ መሄድ አለበት፣ ከአያ ጌጡ ወዲህ ደግሞ እሱም ይፈራል።

ቤቴም ሰላም አልሰጠኝም። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ጎንበስ ብዬ እጄን ሳወዛውዝ ከአጥር ማዶ ለካ ስታይ ኖሬያለሁ። መምህር ያለ ጽና ቤታቸውን ማጠን ጀመሩ ተባለ። በጣቴ ግድግዳ ላይ ስራመድ ያየ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን አልጽፈውም።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ መሆኑን ያወቅሁት የገበያ ቀን ነው።

ኪሮስ በየገበያው ከጋዝጊብላ በእግሩ ይመጣል። የሸጠውን ሸጦ፣ የገዛውን ገዝቶ፣ ሳያገኘኝ አይመለስም። ሦስት ጊዜ ይገጨኛል፤ ጠንከር አድርጎ፣ ጥርሱን ገጥሞ። «ምን ዓይነት ብርቱ ሰው ነው!» እል ነበር በልቤ። ያን ሰሞን ግን ውቂያ ይዞት ለጥቂት ገበያ ቀርቶ ነበር። ያን ቀን ከጌሾ ሻጮቹ ተራ ብቅ ስል ከሩቅ አየኝ። «አበልጅ!» ብሎ ትከሻውን አስቀድሞ መጣ። ለኪሮስ ሳልም ጃንጥላም አላዘጋጀሁም፤ ቶሎ የመጣልኝ ዘዴ ዘወር ማለት ብቻ ነበር። ዘወር አልኩ። ኪሮስ አየሩን ገጭቶ፣ በደረቱ የጌሾ ክምር ውስጥ ገባ።

ሴቶቹ ጮኹ፤ ገበያው ሳቀ። ኪሮስ ጢሙ ላይ የጌሾ ቅጠል ተሰክቶ፣ ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ ተነሣ። ክንዱን መደገፉን አይቻለሁ፤ ልብ ግን አላልኩትም። አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ቅጠሉን ሳያራግፍ ሄደ። ሰው ፊት ሳስቅበት ሁለተኛዬ ነበር። ተከትዬው ሮጬ ሁለቷን ቃል ብነግረው ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አልሮጥኩም።

በሚቀጥለው ገበያ ኪሮስ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ገበያ ሲፈርስ ለብቻዬ ቆሜ የጋዝጊብላን መንገድ ሳይ፣ የጠፋብኝ ሰው ምን ያህል እንደሆነ ገባኝ። እኔ ሌላ ወንድም የለኝም። ኪሮስ ሰው ሲጠይቀው «አበልጄ ጠልቶኛል፤ ምን እንዳደረግሁት ግን አላውቅም» ብሏል አሉ።

አበልጅ ከአበልጅ ተጣላ ሲባል እኛ አገር ዝም አይባልም። የነፍስ አባቴ አባ ጥዑም ሽማግሌ ፈንታን አስከትለው ቤቴ መጡ። ፈንታ ያን የደቦ ቀን ከእኔ ቀጥሎ በጣም የሳቀው ሰው ነው።

«ልጄ፣ ኪሮስ ምን በደለህ?» አሉኝ አባ።

«ምንም አልበደለኝም አባቴ።»

አባ ወደ ፈንታ ዞሩ። «ምንም ካለማ ነገሩ ከባድ ነው።»

«የድንበር ነገር ይሆን እንዴ?» አለ ፈንታ።

«አባቴ፣ እኔ አልተጣላሁም እኮ!»

«አየህ፣ መጣላቱንም መናገር አቅቶታል» አሉ አባ እያዘኑ። «ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ እየሰገደ ንስሐ እንደሚገባ ጎረቤት ነግሮኛል።»

እውነቱ አፌ ጫፍ ደርሶ ነበር። ቀና ስል ፈንታ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እውነቱን መልሼ ዋጥኩት። በዝምታዬ በዳዩ እኔ መሆኔ ተፈረደ፤ የእሑድ ቅዳሴ እንዳለቀም ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለው ወይራ ሥር እንድታረቅ ተቆረጠ።

የእኛን አገር እርቅ ለማያውቅ ልንገረው። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ሰው ፊት ጎንበስ ይላል። ያኛው «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ድንጋዩን እስኪያወርድለት ቀና አይልም። ከዚያ ይሳሳማሉ፤ ትከሻ ለትከሻም ይጋጫሉ። ባለሙያዋ ከባድ አይሸከሙ፣ ትከሻም አይጋጩ ብላኛለች። ሁለቱንም በአንድ ቀን ልፈጽማቸው ነው።

እሑድ ማልጄ ሄጄ አንዲት እንቁላል የምታህል ድንጋይ መርጬ ከወይራው ሥር አስቀመጥኩ። ፈንታ አይቷት «ይቺማ የገበጣ ጠጠር ናት» ብሎ ወረወራትና የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አመጣ። ኪሮስ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል፤ አያየኝም። ከስቷል። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ ጫኑብኝ። ጎንበስ ስል ድንጋዩ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፤ ልይዘው ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ እጄም እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ቀረ። ድንጋዩ ወርዶ ከአባ ጥዑም አውራ ጣት ስንዝር በማይሞላ ርቀት መሬቱን መታ። ያን ያህል ጊዜ የደበቅኋቸው ሁለት ቃላት ቅጥሩን በሞላው ሕዝብ ፊት በጩኸት ወጡ።

«ትከሻዬን ያመኛል!»

ሳቁን የጀመረው ፈንታ ነው። «መምህር! የሰነፍ ትከሻ እንዳይሆን ብቻ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ወይራው ላይ ተደገፈ። ሕዝቡም ተከተለው። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ወፍጮውን፣ ጃንጥላውን፣ ጉንፋኑን፣ የጌሾውን ቀን። «አልጠላሁህም አበልጅ፤ መገጨቱን ፈርቼ ነው» አልኩት።

ያልሳቀው ኪሮስ ብቻ ነበር። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ጋቢውን ገለጠና ቀኝ ክንዱን ወደ ላይ አነሣ። ክንዱ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ከዚህ አያልፍም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ከደቦው በፊትም ጀማምሮኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ጸና።»

«ታዲያ በየገበያው እንዴት ስትጋጨኝ ኖርክ?»

«ጥርሴን ነክሼ ነዋ። ሰነፍ እንዳትለኝ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ አንድ ግጭት ፈርቼ ወዳጄን ጌሾ ውስጥ የጣልኩ ሰው ነኝ፤ እሱ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ሕመሙን ይዞልኝ መጥቷል። ስንት ጊዜ እንደሆነ ላሰላ ጀምሬ ተውኩት። አለቀስኩ። ሕዝቡ ከትከሻዬ የተነሣ መሰለው።

በማግሥቱ ኪሮስን ይዤው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ ክንዱን አገላብጣ፣ ራጁን ወደ መስኮቱ ይዛ ብዙ ቆየች። የእሱ ከእኔ የባሰ ነው፤ ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ክንዱን እንደ ድሮው ማንሣት እንደማይቻል፣ ቀዶ ሕክምናም ቢሆን ወደ ትልቅ ከተማ ሄዶ የሚጠየቅ እንጂ እሷ ቃል የምትገባበት እንዳልሆነ ነገረችን።

«አባባ፣ ያኔ ገና ሲጀምርዎት መጥተው ቢሆን እኮ ብዙ ነገር ማዳን ይቻል ነበር። ለምን ዘገዩ?» አለችው።

ኪሮስ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ ልጄ» አላት።

በየገበያው በእግሩ እየመጣ ትከሻዬን ገጭቶ የሚመለስ ሰው፣ መንገዱ ሩቅ ነው አላት። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እሱ በጤነኛ እጁ ጉልበቴን ነካ አድርጎ ዝም አሰኘኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬም የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ኪሮስ ማሳውን የሚዘራው በዚያ ቀኝ እጁ ነበር። እህል መበተን ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው፤ ክንድ ከትከሻ ተወርውሮ ካልዞረ ዘሩ እኩል አይወርድም። ዘንድሮ ዝናቡ ሲጥል ልረዳው ሄድኩ። የእኔም ቀኝ የእሱም ቀኝ እምቢ ስላለ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ቁና ታቅፈን በግራ እጃችን ዘራን። ገብሱ ሲበቅል አንዱ ጋ ጫካ፣ አንዱ ጋ ራሰ በራ ሆነ። ራሰ በራውን ልንደግምበት ቁና ይዘን ማሳው ዳር ሳለን ፈንታ በዚያ ሲያልፍ ቆሞ አየውና «ይህን ማሳ የዘራው ማነው?» አለ።

«የሰነፍ ትከሻ» አለ ኪሮስ።

ፈንታ ሳቀ፤ ኪሮስም ከልቡ ሳቀ። እኔ ግን ቁናውን ይዤ ወደ ማሳው ዞርኩ።